ልጅዎ ኢንቴሪየር ዲዛይን ልማር ካለች መጀመሪያ እንጦጦ ይውሰዷት

የ12ኛ ክፍል ውጤት መጥቷል። ዘመድ አዝማድ በየተራ እየደወለ «ምን ልትማር አሰበች?» ይላል። እርስዎ «ሕክምና» ወይም «አካውንቲንግ» ብለው ለመመለስ ተዘጋጅተዋል። ልጅቷ ግን ከሶፋው ጥግ ሆና «ኢንቴሪየር ዲዛይን» ትላለች። ለአፍታ ዝም ይላሉ። ከዚያ ብዙ ወላጅ የሚጠይቀው ጥያቄ ይከተላል፦ «መጋረጃ ለመምረጥ ደግሞ ኮሌጅ ያስፈልጋል?»

መጠየቅዎ አያስወቅስዎትም። የትምህርት ክፍያው፣ ኮምፒውተሩ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የልጅዎ የወጣትነት ዓመታት ቀላል ነገር አይደሉም። እኛ የምንመክርዎ ግን ከመወሰንዎ በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይዘዋት ወደ እንጦጦ ማርያም እንዲወጡ ነው።

የመጀመሪያው ክፍል

አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑት በዚህች ባለ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ነው። ጫማዎን አውልቀው ሲገቡ ልጅዎን አንድ ነገር ይጠይቋት፦ «እዚህ ማን የት እንደሚቆም በምን ይታወቃል?» በውጭው ዙር ቅኔ ማኅሌት አለ፤ ካህናትና መዘምራን ከበሮና ጸናጽል ይዘው የሚያሸበሽቡበት። ቀጥሎ ቅድስት፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ታቦቱ ያለበት መቅደስ። «ከዚህ አትለፍ» የሚል ማስታወቂያ የለጠፈ የለም። ግድግዳው፣ በሩና መጋረጃው ይናገራሉ።

ከዚያ በቅርብ ርቀት ወዳለው ወደ ምኒልክ የቀድሞ ቤተ መንግሥት ይለፉ። ድንጋይ፣ ጭቃ፣ እንጨትና የሣር ክዳን ነው፤ ቤተ መንግሥት ሲባል እብነ በረድ የጠበቀ ልጅ ይገረማል። አዳራሹ ግብር የሚበላበት ነው፤ እልፍኙ የቅርብ ሰው ብቻ የሚገባበት። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር እንዴት ያለ ትልቅ ነገር እንደነበር «እልፍኝ አስከልካይ» የሚለው ማዕረግ ይነግርዎታል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብርዱን መከላከልም ሌላው ሥራ ነበር። ልጅዎ ልትማር የፈለገችው ይህንኑ ነው፦ ሰው በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚገባ፣ እንደሚቀመጥ፣ እንደሚበላ፣ እንደሚሞቀውና ገመናውን እንደሚጠብቅ። መጋረጃው የሚመጣው በመጨረሻ ነው።

መቋሚያው ወንበር ሲሆን

ከመውረድዎ በፊት ካህናቱ የሚደገፉበትን መቋሚያ አሳዩዋት። አዲስ አበባ ያደገው ጆሞ ታሪኩ በአሜሪካ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ኢንዱስትሪያል ዲዛይን ተምሯል። መቋሚያን አይቶ ወንበር ሠራ፤ ስሙንም ከዚያው ወሰደ። ከሙቀጫ በርጩማ፣ ከሚዶ ወንበር፣ ከባሌ ተራሮች ኒያላ ቀንድ ደግሞ ሌላ ወንበር አወጣ። ሥራው በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ቀርቧል፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣው የ«ብላክ ፓንተር» ሁለተኛ ክፍል ፊልም ላይም ታይቷል።

ይህን የምንነግርዎ «ልጅዎም ሆሊውድ ትገባለች» ለማለት አይደለም። ጆሞ ራሱ ለረጅም ጊዜ ሌላ የመደበኛ ሥራ እየሠራ ነው የቤት ዕቃ ዲዛይኑን ያቆየው። ቁም ነገሩ ሌላ ነው፦ ዓለም የተቀበለው ከእናቱ ጓዳና ከደብሩ ያየውን እንጂ ከካታሎግ የቀዳውን አይደለም።

ተማሪዋን ቤት ውስጥ ሲያዩዋት

ትምህርቱ ሲጀመር ልጅዎ ቀለም አትመርጥም፤ ሜትር ይዛ ትለካለች። በ1፡50 ልኬት አንድ ሜትር ወረቀት ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ሳሎንዎ በአንድ ገጽ ላይ ያርፋል። የወንበር መቀመጫ ከወለል 45፣ የወጥ ቤት መሥሪያ ጠረጴዛ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንደሚሆን ትማራለች። ጎበዝ ከሆነች ግን ቡና የምትቀዳ ሴት በርጩማ ለምን ከዚያ ዝቅ እንደሚል ራሷ ትጠይቃለች።

ከዚያ ሌሊቱ ይመጣል። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ካርቶን፣ ሙጫና መቁረጫ፤ ጠዋት ደግሞ ሥራዋን ግድግዳ ላይ ለጥፋ መምህራን ፊት መቆም። «ይህ በር ሲከፈት አልጋውን ይመታል» ተብላ ዓይኗ ቀልቶ ትመጣለች። ያን ቀን «ነግሬሽ ነበር» አይበሏት። ያ ስህተት ወረቀት ላይ ሲሆን በላጲስ ይጠፋል፤ ግንብ ላይ ሲሆን ግን የደንበኛ ገንዘብ ነው።

ከምርቃት በኋላ

ጋውኑ ከወለቀ በኋላ ሥራው ያለው ከጂፕሰም ሠሪው፣ ከአናጺውና ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋር ነው። አቧራ አለው፣ ክርክር አለው፣ ትናንት የተጠየቀው የሴራሚክ ዋጋ ዛሬ ሌላ ሆኖ መገኘት አለው። የክፍል ጓደኞች እዚህ ላይ ከዘመድ ይበልጣሉ፦ አንዱ ካቢኔት ያሠራል፣ አንዷ መብራት ታውቃለች፣ ሌላው በኮምፒውተር ሥዕሉን ያወጣል፤ ሥራ ሲያገኙ ይጠራራሉ። ስለዚህ ኮሌጅ ሲመርጡ አብራ የምትማረውን ልጅም እየመረጡላት ነው።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ ብዙ ጊዜ አክስት ናት፤ ክፍያውም ምርቃት። ምርቃቱ ደግ ነው፤ ግን የትራንስፖርት አይሆንም።

ከመመዝገብዎ በፊት

በተለያየ በር መግባት ይቻላል። ልደታ የሚገኘውና በ1940ዎቹ በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው፣ ብዙዎች «ሕንፃ ኮሌጅ» የሚሉት ተቋም አርክቴክቶችን ያፈራል። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም አለ። የግል ኮሌጆችና አጫጭር ሥልጠናዎችም አሉ። የትኛውንም ቢመርጡ አራት ነገር ይጠይቁ፦ ለዚህ የትምህርት ዘርፍ የታደሰ ፈቃድ አለው ወይ? ተማሪዎቹ በእጃቸው የሠሩትን ማየት ይቻላል ወይ? ልምምድ የሚወጡት የት ነው? ከሁለት ዓመት በፊት የተመረቁትን ማነጋገር ይቻላል ወይ? ለመጨረሻው ጥያቄ ስልክ ቁጥር ሳይሆን ብሮሹር ከሰጡዎ ሌላ ቦታ ይሞክሩ።

ልጅዎን ደግሞ እርስዎ ይፈትኗት። ከእንጦጦ ስትመለሱ ሜትር ይስጧትና አንድ የቤት ችግር ያቅርቡላት፦ «ክርስትና ሲኖር 20 ሰው የት እናስቀምጥ? የቡናው ጭስ በየት ይውጣ? አያትሽ ሌሊት መታጠቢያ ቤት ስትሄድ ምን ያደናቅፋታል?» ቀለምና ትራስ ይዛ ከመጣች ገና ናት፤ ጊዜ ይስጧት። አያቷን ተከትላ ኮሪደሩን በእርምጃ ስትለካ ካገኟት ግን ለዘመድ ጥሪ መልስ አግኝተዋል።

ሥራውን ስትጨርስም ይክፈሏት። ትንሽም ቢሆን ይክፈሏት፤ የመጀመሪያዋ እውነተኛ ደንበኛ እርስዎ ይሁኑ።