ሲቲ ስካን ላይ የማይታይ ራስ ምታት

የዛሬው ጽሑፍ ውጭ አገር ዘመድ ላላችሁ ነው። (የሌለው ማን አለ?)

ሚኒሶታ የምትኖር ዘመድ አለችኝ። ኬንያ፣ ካኩማ የስደተኞች ካምፕ ዓመታት ቆይታ ነው ከልጇ ጋር አሜሪካ የገባችው። ይህን የምጽፈው ፈቅዳልኝ ነው። ባለፈው ወር በዋትስአፕ ደወለችና «ዶክተርዬ፣ አናቴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ድው ድው ይላል፣ እንቅልፍ የሚባል የለም» አለችኝ። ደም ተመርምራለች፣ ሲቲ ስካን ተነስታለች፤ ሁሉም ኖርማል ነው።

«ተኝተሽ ምን ያቃዥሻል?» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ በስደት መንገድ ላይ የደረሰባትን ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም።

«ይህን ለሐኪምሽ ነግረሻል?»

«የሚያስተረጉምልኝ እኮ ልጄ ነው። ገና 11 ዓመቱ ነው። በሱ አፍ እንዴት ላውራው?»

ሐኪሙ የሰማው ራስ ምታት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ራስ ምታት መረመረ። ምን ያድርግ!

ብዙ ሰው «ካምፕ እያለሁ ያልታመምኩ፣ አሁን ቤት አግኝቼ?» ይላል። አዎ፣ አሁን። ካምፕ ውስጥ ሐሳብ ሁሉ ራሽንና ፕሮሰስ ላይ ነው፤ የታፈነው የሚወጣው ጋብ ሲል ነው። ቅዠቱና መደንበሩ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ፣ ወይም ድብርቱ ሁለት ሳምንት ሙሉ ካልለቀቀ መታከም ያስፈልጋል። እብደት አይደለም። የንግግር ሕክምና አለ፤ የድብርት መድኃኒት ከታዘዘም ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ፀበል መሄድ ትችላላችሁ፣ መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ።

አሜሪካ ያላችሁ፣ ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። አትከፍሉም፤ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ከድንገተኛ አደጋ በቀር ልጅ ማስተርጎም የለበትም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ 988 ላይ በማንኛውም ሰዓት ይደወላል።

ይህን ስነግራት «ሐበሻ አስተርጓሚ ከመጣማ ወሬው እሁድ ቤተክርስቲያን ደረሰ!» አለችኝ። ሳቅን፤ ስጋቷ ግን የብዙ ሰው ነው። አስተርጓሚም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ካላመናችሁ በስልክ የሚያስተረጉም ጠይቁ፤ መልካችሁን አያይም። ሴት የምትፈልጉም ንገሯቸው።

እሷም ጠየቀች። የመጀመሪያው ቀጠሮ፣ ልጁ ውጭ ጌም ሲጫወት እሷ ውስጥ ስታለቅስ አለቀ። ሁለተኛው የፊታችን ሐሙስ ነው።