ነጭ ዳር ያላት ስፔክቦም

በረንዳዬ ላይ ካሉት ተክሎች የማደላው ለስፔክቦሟ ነው። አገሯ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ እዚያ ዝሆን ይመገባታል። የእኔዋ ግን ከቡና ሲኒ እምብዛም አትበልጥም፣ ቅጠሎቿም ዳር ዳራቸው ነጣ ያለ ነው። ነጩ ክፍል ክሎሮፊል ስለሌለው ምግብ አያዘጋጅም፤ ዝግ ብላ የምታድገው ለዚህ ነው። አንዳንዴ ሙሉ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ታወጣለች። አምሮባታል ብላችሁ አትተዉት! ፈጥኖ አድጎ ነጩን ይውጠዋል፤ ከመነሻው ቁረጡት። የቆረጣችሁትን ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን አቆይታችሁ አሸዋ በበዛበት አፈር ብትተክሉት ሥር ይሰዳል፤ ለጎረቤት የምሰጠው እሱን ነው፣ ነጩን እሰስታለሁ። ውኃ የማጠጣት አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ ብቻ ነው። የአዲስ አበባ ክረምት አይመቻትም፤ ሐምሌና ነሐሴን ብርሃን ካለበት መስኮት አጠገብ ታሳልፋለች። ከታች ባልተበሳ ዕቃ መትከል ደግሞ፣ ዕቃው ምንም ያህል ቢያምር፣ ሥሯን ማበስበስ ነው።