አስተናግርና እንጉዳይ፦ ሕግ የፈቀደው ሁሉ ጉዳት የለውም?

እ.ኤ.አ. በሜይ 2019 የዴንቨር መራጮች፣ ሲሎሳይቢን የተባለ አእምሮን የሚለውጥ ንጥረ ነገር ያለበትን እንጉዳይ ለግል መያዝ ፖሊስ ቅድሚያ እንዳይሰጠው በጠባብ የድምፅ ልዩነት ወሰኑ። በኖቬምበር 2022 ደግሞ አውሮራን ጨምሮ መላው ኮሎራዶ ሕዝበ ውሳኔ ቁጥር 122ን አጸደቀ። ዕድሜያቸው 21 ዓመት የሞላቸው ሰዎች እንጉዳዩን ማብቀልና መያዝ ተፈቀደላቸው፤ ሽያጩ ግን እንደተከለከለ ነው።

«ተፈጥሯዊ ነውና አይጎዳም» ለሚል ሰው ኢትዮጵያዊው አስተናግር በቂ መልስ አለው። ዕፀ ፋሪስ በመባልም የሚታወቀው ይህ የመንገድ ዳር ተክል የድንች ዘመድ ነው፤ አበባው እንደ መለከት ረጅም፣ ፍሬው እሾሃም ነው። እንጉዳይ ግን ከነጭራሹ ተክል አይደለም። ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን አያዘጋጅም፤ በዝርያ ሐረጉም ከዕፀዋት ይልቅ ለእንስሳት ይቀርባል።

ሁለቱም ያልነበረውን ያሳያሉ፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። በአስተናግር ውስጥ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን፣ አሴቲልኮሊን የተባለው የነርቭ መልእክተኛ ሥራውን እንዳይሠራ ያግዳሉ። አፍ ይደርቃል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ሰውነት ይግላል። ሰውየውም በአጠገቡ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል፤ ስሙም ይህንኑ ይናገራል። መቃዠቱ ለቀናት ሊዘልቅ፣ ሊገድልም ይችላል።

አልበርት ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1958 ነጥሎ ያወጣው ሲሎሳይቢን ግን በሰውነት ውስጥ ወደ ሲሎሲን ተለውጦ የሴሮቶኒን መቀበያዎችን ይቀሰቅሳል። ስሜቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይቆያል። ትልቁ አደጋ መሳሳት ነው፦ ጋለሪና የተባለችው ትንሽ ቡናማ የዱር እንጉዳይ ለዓይን ትመሳሰላለች፤ መርዟ ግን ጉበትን ያጠፋል።

መርዝና መድኃኒት ብዙ ጊዜ የሚለዩት በመጠን ነው። አትሮፒን በሐኪም እጅ በተባይ ማጥፊያ ኬሚካል የተመረዘን ገበሬ ያድናል፤ ሲሎሳይቢንም ለድብርት ሕክምና እየተመረመረ ነው።

ለስደተኛው ሌላም ጉዳይ አለ። ሲሎሳይቢን በፌዴራል ሕግ ዛሬም የተከለከለ ነው፤ የኢሚግሬሽን ጉዳይም የሚዳኘው በፌዴራል ሕግ ነው። ስለዚህ ዜግነት ያላገኘ ሰው በኮሎራዶ የተፈቀደውን ቢያደርግ እንኳ የመኖሪያ ፈቃዱንና የዜግነት ማመልከቻውን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

በአሜሪካ የመመረዝ ጥርጣሬ ሲያጋጥም 1-800-222-1222 በማንኛውም ሰዓት በነጻ ምክር ይሰጣል፤ ራሱን ለሳተ ወይም መተንፈስ ለተቸገረ ሰው ግን ወደ 911 መደወል ይገባል።