ለአሮጌ ካሜራ የሚሆን መመልከቻ፤ ከዋሻ ሚካኤል እስከ እንጦጦ ጫፍ

ሬንጅፋይንደር የሚባለው የፊልም ካሜራ ፎቶ አንሺው በሌንሱ ውስጥ ሳይሆን ከሌንሱ ከፍ ብላ በተሠራች ትንሽ መስኮት በኩል እንዲመለከት የሚያደርግና ርቀትን ከሁለት መስኮቶች የሚገቡትን ምስሎች በማጋጠም የሚለካ የካሜራ ዓይነት ነው። የሌንሱ ቀለበት ሲዞር ሁለቱ ምስሎች እየተቀራረቡ ሄደው ልክ ሲደራረቡ ፎከሱ ተስተካክሏል ማለት ነው። ይህ አሠራር ካሜራውን ትንሽ፣ ቀላልና ድምፁ ዝቅ ያለ አድርጎታል፤ ነገር ግን አንድ ጉድለት ይዞ መጥቷል፤ ይኸውም የምታሳየው መስኮት የትኛው ሌንስ እንደ ተገጠመ የማታውቅ መሆኗ ነው። ፎቶ አንሺው መደበኛውን 50 ሚሊሜትር ሌንስ አውልቆ ሰፋ ያለውን 28 ሚሊሜትር ቢገጥም ፊልሙ ሰፊውን እይታ ይቀርጻል፤ መስኮቷ ግን በብዙዎቹ አሮጌ ካሜራዎች ላይ የ50 ሚሊሜትሩን ብቻ ማሳየቷን ትቀጥላለች። በካሜራው ራስ ላይ ባለው የፍላሽ መግጠሚያ የሚሰካው ተጨማሪ መመልከቻ፣ ቪውፋይንደር የሚባለው፣ የተፈጠረው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ቤተ መንግሥቱን ያገለግል የነበረው አርመናዊው ፎቶ አንሺ ቤድሮስ ቦያጂያን በሠራባቸው ዓመታት ይህ ችግር በስቱዲዮ ሥራ ላይ አይታወቅም ነበር፤ ምክንያቱም በእግር ቆሞ የሚሠራው ትልቁ የስቱዲዮ ካሜራ ሌንሱ ያመጣውን ምስል በራሱ በኋላው መስታወት ላይ፣ ምንም እንኳ ገልብጦ ቢሆን፣ ያሳይ ስለ ነበረ ነው። ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ ከቀረበው የጀርመኑ ላይካ ጋር ሲሆን፣ ከካሜራው ጋር የተያያዘ የርቀት መለኪያ ያለው ላይካ 2 በ1932 ተከተለ። ሶቪየት ኅብረትም ፌድን በካርኮቭ ከ1934 ጀምሮ፣ ኪየቭን ከ1947 ጀምሮ፣ ዞርኪን ከ1948 ጀምሮ አመረተች። በደርግ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ለትምህርት ወደዚያ አገር ስለ ሄዱ፣ በአዲስ አበባ አንድ ቤት ሳጥን ውስጥ ፌድ ወይም ዞርኪ ቢገኝ የሚያስገርም አይሆንም፤ በእንዲህ ዓይነቱ ካሜራ ላይ ደግሞ ተጨማሪ መመልከቻ ቅንጦት ሳይሆን ሌላ ሌንስ ለመጠቀም ግድ የሆነ ዕቃ ነው። የላቀ ተብሎ የሚወደሰው ላይካ ኤም3 እንኳ በ1954 ሲወጣ በመስኮቱ ውስጥ የነበሩት የፎቶውን ድንበር የሚያሳዩ ክፈፎች የ50፣ የ90 እና የ135 ሚሊሜትር ብቻ ነበሩ፤ የ28 ሚሊሜትር ክፈፍ በዚህ የካሜራ ቤተሰብ ውስጥ የገባው በ1980 በኤም4-ፒ ነው።

ምርጫው የሚጀምረው ከመመልከቻው ሳይሆን ከሌንሱና ከሚነሣው ነገር ነው። በአዲስ አበባ በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ተራሮች ለሚዘዋወር ፎቶ አንሺ አካባቢው ሁለት ተቃራኒ ጥያቄዎችን ያቀርብለታል። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ከሚደርሰው ከእንጦጦ ከፍታ ላይ ሆኖ ከተማዋን ለሚመለከት ሰው ነገሩ ሁሉ ሩቅና ሰፊ ነው። በአግድም የተያዘ 50 ሚሊሜትር ሌንስ 40 ዲግሪ ያህል፣ 35 ሚሊሜትር 54 ዲግሪ፣ 28 ሚሊሜትር 65 ዲግሪ፣ 21 ሚሊሜትር ደግሞ 81 ዲግሪ ያህል ያያል፤ ይህ በመሬት ላይ ሲተረጎም በ100 ሜትር ርቀት ላይ 50 ሚሊሜትሩ 72 ሜትር፣ 28 ሚሊሜትሩ ግን 128 ሜትር ስፋት ይይዛል ማለት ነው። እንግዲህ በ50 ሚሊሜትር መስኮት እያየ በ28 ሚሊሜትር ሌንስ የሚያነሣ ሰው ሳያስበው የባሕር ዛፍ ግንድ፣ የመብራት ምሰሶና የአጥር ቆርቆሮ ወደ ፎቶው ጠርዝ ያስገባል፤ ይህንንም የሚያውቀው ፊልሙ ከታጠበ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚነሣው በየካ ኮረብታ ላይ በሚገኘው በዋሻ ሚካኤል ነው። ብዙ ተመራማሪዎች የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ሊሆን እንደሚችል የሚገምቱት ይህ ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ፎቶ አንሺውን ከግድግዳው ጋር ፊት ለፊት ያገናኘዋል፤ ወደ ኋላ ለመሸሽ ቦታ የለም፤ የሚነሣውም የመሮ ምልክት የሚታይበት ዓለት በአንድ ወይም በሁለት ሜትር ርቀት ላይ ነው። እዚህ ላይ ፓራላክስ የሚባለው ነገር ይገባል፤ ይኸውም መመልከቻውና ሌንሱ በተለያየ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጡ አንዱ የሚያየውና ሌላው የሚያየው በቅርብ ርቀት የማይገጣጠም መሆኑ ነው። መመልከቻው ከሌንሱ 6 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ስሕተቱ በየትም ርቀት ያው 6 ሴንቲሜትር ነው፤ ክብደቱ ግን እንደ ሌንሱ ይለያያል። በአንድ ሜትር ርቀት 50 ሚሊሜትር ሌንስ በቁመት የሚይዘው 48 ሴንቲሜትር ያህል ስለ ሆነ ስሕተቱ የፎቶውን ስምንተኛ እጅ ይወስዳል፤ 21 ሚሊሜትር ግን ከ110 ሴንቲሜትር በላይ ስለሚይዝ ያው 6 ሴንቲሜትር እምብዛም አይጎዳውም። 135 ሚሊሜትር በሜትር ተኩል ላይ የሚይዘው 27 ሴንቲሜትር ብቻ በመሆኑ ከአምስተኛ እጅ በላይ ይጠፋበታል። ከዚህ የሚገኘው መመሪያ ግልጽ ነው፤ ለሰፊ ሌንስ የሚገዛ መመልከቻ የፓራላክስ ማስተካከያ ባይኖረው ጉዳት የለውም፣ ለረጅም ሌንስ የሚገዛ ግን ያለ እርሱ መገዛት የለበትም። ከእንጦጦ ወደ ከተማ ለሚመለከትማ 6 ሴንቲሜትር ከቁጥር የሚገባ ነገር አይደለም።

በገበያ ላይ የሚገኙት ዓይነቶች ብዙ ቢሆኑም በአሠራር የሚለያዩት በጥቂቱ ነው። ቀላሉ ከፊት የሚያሳንስ፣ ከኋላ የሚያጎላ ሌንስ ያለው ቱቦ ሲሆን ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል፤ ጠርዙ ግን ዓይን ትንሽ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አብሮ ስለሚንቀሳቀስ እርግጠኛ ድንበር የለውም። ከእርሱ የሚሻለው በሆላንዳዊው ፋን አልባዳ ስም የሚጠራው ነው፤ በዚህ ውስጥ ከኋላ የተሣለው ክፈፍ በፊተኛው ሌንስ ላይ ነጸብራቁ ይታይና በእይታው ላይ እንደ ተንሳፈፈ ነጭ መስመር ይሆናል፣ ከመስመሩ ውጭ ያለውም ስለሚታይ ወደ ፎቶው ሊገባ የሚመጣውን ሰው አስቀድሞ ማየት ይቻላል። ደካማ ጎኑ መስመሩ የሚበራው ከፊት በሚገባው ብርሃን መሆኑ ነው፤ በእንጦጦ ፀሐይ ደምቆ የሚታየው መስመር በዓለት ጥላ ውስጥ ሊደበዝዝ፣ አልፎም ሊጠፋ ይችላል።

ለሶቪየት ካሜራዎች የተሠራው ባለ ማዞሪያ መመልከቻ ለ28፣ ለ35፣ ለ50፣ ለ85 እና ለ135 ሚሊሜትር የሚሆኑ አምስት ትንንሽ ሌንሶችን በአንድ መንኮራኩር ላይ ሰብስቦ ይዟል። በአንድ ዕቃ አምስት ሌንስ ማገልገሉ ያጓጓል፤ ሆኖም ትልቅና ከባድ ነው፣ በቦርሳ ውስጥ ይጋጫል፣ የፓራላክስ ማስተካከያውም የተለካው ለአንድ ዓይነት ካሜራ መግጠሚያ አቀማመጥ ስለ ሆነ በሌላው ላይ ስሕተቱን ወደ ጎን ሊወስደው ይችላል። ሦስትና ከዚያ በላይ ሌንስ ለሌለው ሰው ከዚህ ይልቅ ለሚወደው አንድ ሌንስ ብቻ የተሠራ፣ መስመሩ ደማቅ የሆነ መመልከቻ መግዛት የተሻለ ነው። መነጽር የሚያደርግ ሰው ደግሞ ከመግዛቱ በፊት መነጽሩን ሳያወልቅ አራቱንም ማዕዘን ማየት መቻሉን ይሞክር፤ የዓይን ቀዳዳው ጠባብ የሆነ አሮጌ መመልከቻ መሀሉን ብቻ ያሳየዋል፣ የብረት ጠርዙም መነጽሩን ይጭራል። በስልክ መብራት ከፊት አብርቶ ከኋላ ሲታይ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ በአዲስ አበባ ክረምት በእርጥብ ሳጥን የተቀመጠ መስታወት ለዚህ የተጋለጠ ስለ ሆነ ይህ ምርመራ መታለፍ የለበትም።

በሰፊ ሌንስ ሲሠራ አንድ ትልቅ ጥቅም አለ። ፎከስ በካሜራው መስኮት፣ ክፈፍ በተጨማሪው መመልከቻ ስለሚታይ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው መመላለስ አለበት፤ ነገር ግን የ28 ሚሊሜትር ሌንስ የብርሃን ቀዳዳ በኤፍ 8 ላይ ተደርጎ ርቀቱ በ3.5 ሜትር ገደማ ከተቀመጠ ከ2 ሜትር ጀምሮ እስከ አድማስ ያለው በበቂ ሁኔታ ጥርት ብሎ ይወጣል። ከእንጦጦ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አግድም ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱትን እናቶች ፈቃዳቸውን ጠይቆ ለሚያነሣ ሰው ይህ ማለት ሸክም የተሸከመን ሰው ፎከስ እስኪስተካከል ድረስ አለማቆም ማለት ነው፤ መመልከቻው የሸክሙን ሁለት ጫፍ በክፈፉ ውስጥ ማሳየቱ ብቻ ይበቃል።

የተገዛው መመልከቻ እውነት መናገሩን ለማወቅ ፊልም ማባከን አያስፈልግም። የኋላ ክዳኑ የሚከፈት ካሜራ ከሆነ ባዶውን በጠረጴዛ ላይ አጽንቶ፣ ፊልም በሚያልፍበት ቦታ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ወጥሮ መለጠፍና ሻተሩን ተጭኖ እስከ ተያዘ ድረስ ክፍት በሚቆይበት በ«ቢ» ላይ አድርጎ መያዝ ይበቃል፤ ሌንሱ ወደ ደማቅ መስኮት ሲዞር በወረቀቱ ላይ የተገለበጠ ምስል ይታያል። በመስኮቱ ዙሪያ ከየትኛው ጡብ እስከ የትኛው ጡብ በወረቀቱ ላይ እንደ ገባ ተመዝግቦ ከመመልከቻው ክፈፍ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። ሙከራው አንድ ጊዜ በሁለት ሜትር፣ አንድ ጊዜ በሩቅ ቢደረግ ይመረጣል፤ መመልከቻው በቅርብ ከላይ የሚቆርጥ ከሆነ መጠኑን በትንሽ ፕላስተር ላይ ጽፎ ከታቹ መለጠፍ በዋሻ ሚካኤል ግድግዳ ፊት ሲቆሙ ካሜራውን ምን ያህል ከፍ ማድረግ እንደሚገባ ያስታውሳል።