ንዳድ ሁሉ ወባ አይደለም

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ወርዶ በትኩሳት የተመለሰ ሰው «ወባ ያዘኝ» ማለቱ የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በድሬዳዋ የተነሣው ንዳድ ግን ዴንጊ ሆኖ ተገኘ፤ በአገራችን በላቦራቶሪ የተረጋገጠ የመጀመሪያው የዴንጊ ወረርሽኝ ነው።

ቫይረስ በምን ይለያል ቢባል፥ የወባ ተውሳክ በተራ ማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ቫይረስ ግን እጅግ ስለሚያንስ አይታይም፥ ሕይወት ካለው ሴል ውጭም አይራባም። ስለዚህ ባለሙያው ከበሽተኛው ደም የተለየውን ሴረም በብልቃጥ ውስጥ በሚያድጉ የትንኝ ወይም የጦጣ ሴሎች ላይ ይጨምራል። (ጦጣዋ ራሷ አትነካም፤ ሴሎቿ ከብዙ ዓመታት ጀምሮ በላቦራቶሪ ሲራቡ የኖሩ ናቸው።) ከጥቂት ቀናት በኋላ ሴሎቹ መልካቸው ቢለወጥ ወይም ቢሞቱ፥ አንድ ነገር መኖሩ ታወቀ እንጂ ስሙ ገና ነው። የሚያበራ ቀለም የተጣበቀበትና ዴንጊን ብቻ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ይጨመርበታል፤ ሴሉ ካበራ ዴንጊ ነው። ዛሬ ፒሲአር የተባለው ዘዴ ይህን በሰዓታት ይጨርሰዋል።

ጭንቁ ያለው ከቀኑ ላይ ነው። ቫይረሱ ከደም የሚገኘው ባብዛኛው በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ነው። በሽተኛው የወባ ኪኒን እየዋጠ ሳምንት ከቆየ፥ የሚቀረው ሰውነቱ ያበጀው ፀረ እንግዳ አካል ብቻ ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 የኦሞን ሸለቆ ሕዝብ ከፈጀው ከቢጫ ወባ ጋር ይምታታል፤ ሁለቱ ቫይረሶች ዘመዳሞች ናቸውና።