በሰው የነገደ ይቀጣ፤ የተናገረስ?

አሜሪካ በ1996 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጣችው የኮሙኒኬሽን ሕግ አንቀጽ 230 የሚባል አጭር ድንጋጌ አለው። ድረ ገጾች ሌላ ሰው በለጠፈው ነገር እንደ አሳታሚ ተቆጥረው እንዳይጠየቁ ይከላከላል። ያለዚህ ከለላ ፌስቡክም ዩቲዩብም ዛሬ ባሉበት መልክ ባልኖሩ ነበር፤ በየደቂቃው የሚለጠፈውን ሁሉ አስቀድሞ አንብቦ ኃላፊነት ሊወስድ የሚችል ድርጅት የለምና። ሕግ አውጪዎችንና ፍርድ ቤቶችን ለዓመታት ያከራከረው፣ ከለላው በሰው ገላ ለሚነገድበት ድረ ገጽም ይሠራል ወይ የሚለው ጥያቄ ነው።

ክርክሩን ያጋጋለው ባክፔጅ ነው። በ2004 የተከፈተ የማስታወቂያ ድረ ገጽ ሲሆን ቤት የሚያከራይም አሮጌ ዕቃ የሚሸጥም ይጠቀምበት ነበር፤ ትልቁን ገቢ ያስገባለት ግን የወሲብ አገልግሎት የሚተዋወቅበት ክፍል ነው። ለአካለ መጠን ሳይደርሱ በዚህ ገጽ ላይ ለገበያ የቀረቡ ሦስት ወጣት ሴቶች ኩባንያውን ከሰሱ። በ2016 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አንቀጽ 230ን ጠቅሶ የክሱን መዘጋት አጸና፤ መፍትሔው ያለው በሕግ አውጪው እጅ ነው ሲልም ጨመረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥር 2017 ጉዳዩን ሳያየው አለፈ።

በዚያው ወር የሴኔቱ የምርመራ ንዑስ ኮሚቴ ያወጣው ሪፖርት ግን ሌላ ገመና ገለጠ። ማስታወቂያው ውስጥ የልጅነት ዕድሜን የሚጠቁም ቃል ሲገኝ፣ ለምሳሌ “ሎሊታ” ወይም የጠፋ ሕፃን ሲፈለግ የሚነገረው “አምበር አለርት”፣ የኩባንያው ኮምፒውተር ቃሉን ብቻ ቆርጦ ቀሪውን ያወጣው ነበር። ልብ በሉ፤ ማስታወቂያው አልቀረም፣ ልጅቷም አልተፈለገችም። የጠፋው ፖሊስ አይቶ ሊነቃበት የሚችለው ምልክት ነው። ይህን ያደረገ ድርጅት “ሌላው የጻፈውን አስተናገድኩ እንጂ” ብሎ ሊያመልጥ አይገባም፤ የብዙዎች ቁጣም ተገቢ ነበር።

ከቁጣው የተወለደው ሕግ ፎስታ ይባላል። በ2018 የተወካዮች ምክር ቤት በ388 ለ25፣ ሴኔቱ በ97 ለ2 ድምፅ አጸደቁት። ከተቃወሙት ሁለት ሴናተሮች አንዱ አንቀጽ 230ን በጋራ የጻፉት ሮን ዋይደን ናቸው። ሕጉ የሌላን ሰው የወሲብ ንግድ ለማበረታታት ወይም ለማመቻቸት አስቦ ድረ ገጽ የሚያንቀሳቅስን ሰው እስከ 10 ዓመት፣ ጉዳዩ ሲከብድ እስከ 25 ዓመት ያስቀጣል። ተገዳ የምትሸጥ ልጅና በራሷ ፈቃድ የምትሠራ አዋቂ ሴት ግን በአንድ ሕግ ውስጥ ተጠቀለሉ። “ማመቻቸት” የቱ ጋ ተጀምሮ የቱ ጋ እንደሚያልቅም በግልጽ አልተጻፈም።

ድረ ገጾቹ ፍርድ ቤት እስኪተረጉምላቸው አልጠበቁም። ሴኔቱ ድምፅ በሰጠ በቀናት ውስጥ ክሬግስሊስት አሜሪካ ውስጥ የነበረውን የፍቅር ጓደኛ መፈለጊያ ክፍል እንዳለ ዘጋው። በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶች የሚደበድብና የሚዘርፍ ደንበኛን እርስ በርስ የሚጠቋቆሙባቸው ገጾችም ተዘጉ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያመኝ ይህ ነው፤ ሕጉ እጠብቃቸዋለሁ ካላቸው ሴቶች የብዙዎቹ መከላከያ ያ መረጃ ነበር። ሕጉን በፍርድ ቤት ከተሟገቱት መካከል ሂዩማን ራይትስ ዎች፣ ኢንተርኔት አርካይቭና ማስታወቂያ ማውጣት የተከለከለ ፈቃድ ያለው የማሳጅ ባለሙያ ይገኙበታል።

ባክፔጅስ? የፌዴራል መንግሥት የወረሰው ሚያዝያ 6 ቀን 2018፣ ፎስታ ከመፈረሙ አምስት ቀን ቀደም ብሎ ነው። አንቀጽ 230 ድሮም የፌዴራል ወንጀል ክስን አያግድም ነበር፤ ስለዚህ በነባሮቹ ሕጎች ተዘጋ፣ ዋና ሥራ አስኪያጁም ጥፋተኝነቱን አመነ። የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በ2021 ሲፈትሽ፣ ዐቃቤ ሕግ አዲሱን የወንጀል አንቀጽ በሦስት ዓመት ገደማ የተጠቀመበት አንድ ጊዜ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ገበያው ወደ ውጭ አገር ድረ ገጾች በመሸሹም ለመርማሪዎች ማስረጃ ማሰባሰብ ከብዷቸዋል።

በ2023 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይጋጭም ብሎ ወሰነ፤ ይህን ያለው ግን አንቀጹን አጥብቦ፣ ወንጀልን አውቆ መርዳትን ብቻ እንዲመለከት አድርጎ በመተርጎም ነው። ምክር መስጠትም ሆነ ለሴቶቹ መብት መከራከር አያስከስስም ማለት ነው። ትርጉሙ መልካም ቢሆንም አምስት ዓመት ዘግይቷል፤ ጠበቃ የሌለው የአንዲት ትንሽ ገጽ ባለቤት የተዘጋውን መልሶ እስኪከፍት ድረስ የሚያደፋፍረው አይመስለኝም።

አንድ ክፍተት ደግሞ የእኛን ሰዎች በቀጥታ ይመለከታል። በ2019 ቢቢሲ አረብኛ ኩዌት ውስጥ የቤት ሠራተኞች በኢንስታግራምና በሞባይል መተግበሪያዎች ሲሸጡ አጋልጧል። ልጆቻቸውን በደላላ ወደ ገልፍ የላኩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ይህን ንግድ አሳምረው ያውቁታል። ፎስታ በድረ ገጾች ላይ የከፈተው የክስ በር ግን ለወሲብ ዝውውር ብቻ ነው፤ ፓስፖርቷን ተቀምታ ለጉልበቷ የምትሸጥ ሴት በዚያ በር አትገባም።