የጅቡቲው ለስላሳ ቲቢ ከየትኛው ወገን ነው?

የቲቢ ባክቴሪያ በላቦራቶሪ እስኪያድግ ሳምንታት ይወስዳል፤ ኮሎኒውም ደረቅና ሻካራ ነው። ከጅቡቲ ከተማ ታማሚዎች አክታ ግን አልፎ አልፎ ለስላሳ፣ ነጭና የሚያብረቀርቅ ኮሎኒ ይወጣል፤ ፈጠን ብሎም ያድጋል። ማይኮባክቴሪየም ካኔቲ ይሉታል። ስሙ የፓስተር ኢንስቲትዩቱ ተመራማሪ የጆርጅ ካኔቲ ነው። እስካሁን በዓለም ከተሰበሰቡት ናሙናዎች አብዛኞቹ የጅቡቲ ናቸው።

ለዓይን እንዲህ የሚለያዩ ሁለት ባክቴሪያዎች አንድ ዝርያ ናቸው ወይስ ሁለት? ደቂቅ ሕዋሳትን የሚመድብ ሁሉ የሚገጥመው ጥያቄ ነው። ድሮ መለያው መልክ ነበር፦ ክብ ነው ወይስ ዘንግ፣ ሃንስ ክርስቲያን ግራም በ1884 (እ.ኤ.አ.) ያወጣውን ማቅለሚያ ይይዛል ወይስ አይይዝም። ምን ስኳር ይበላል፣ አየር ይሻል ወይ የሚለው ተጨመረ። ካርል ዎዝ በ1977 የራይቦሶም አርኤንኤን አነጻጽሮ አርኬያ የተባሉት ደቂቅ ሕዋሳት ከባክቴሪያ የተለየ ወገን መሆናቸውን ሲያሳይ ሚዛኑ ወደ ዘረመል አጋደለ።

መልክ ምን ያህል እንደሚያሳስት እርሾ ያሳያል። እርሾ ፈንገስ ስለሆነ በዝምድና ከባክቴሪያ ይልቅ ለሰው ይቀርባል። ግን አንድ ዘር አይደለም፤ በነጠላ ሕዋስ የመኖር ልማድ ነው። በአስኮማይኮታም በባሲዲዮማይኮታም፣ በተራራቁ የፈንገስ ክፍሎች፣ ይገኛል። ስምም እንዲሁ ያሳስታል፦ ሐኪሞች ካንዲዳ ክሩሴይ እያሉ የሚፈሩትና የምግብ ተመራማሪዎች ከቦካ እህል ለይተው ፒኪያ ኩድሪያቭዜቪ የሚሉት አንድ እርሾ ነው። አንድ ፈንገስ አንድ ስም ይኑረው የሚለው ደንብ ሥራ ላይ የዋለው በ2013 ነው።

ካኔቲ ዘረመልንም ያስቸግራል። የጂኖሙ ተመሳሳይነት አንድ ዝርያ ለማለት ከሚበቃው የ95 በመቶ ወሰን ያልፋል፤ በቁጥሩ ከሄድን ከተለመደው ቲቢ ጋር አንድ ነው። ነገር ግን ካኔቲዎች እርስ በርስ ዘረመል ሲለዋወጡ ኖረዋል፤ በተለመደው ቲቢ ይህ እምብዛም አይታይም። ከሰው ወደ ሰው መተላለፉም አልተረጋገጠም፤ ምንጩ አካባቢው ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታሰባል።

እኔ ለብቻው መጠራቱን እደግፋለሁ፤ ምክንያቴም ታማሚው ነው። ካኔቲ ከአራቱ የመጀመሪያ ደረጃ የቲቢ መድኃኒቶች አንዱን፣ ፒራዚናማይድን፣ በተፈጥሮው ይቋቋማል። ጂን ኤክስፐርት የተባለው የቲቢ መመርመሪያ ግን ካኔቲንና የተለመደውን ቲቢ አይለይም። ጅቡቲ የኖራችሁ ወይም ወደ ወደቡ የምትመላለሱ ሾፌሮች፣ ቲቢ ከተገኘባችሁ የት እንደነበራችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ አክታችሁ በካልቸርም፣ ማለትም ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ በማሳደግ፣ እንዲመረመር ጠይቁ።